ናልባንዲያኖች፦ አጎትና የወንድም ልጅ

በእኛ በትክል ድንጋይ በኩል አዝማሪ ማሲንቆውን ለልጁ ማውረሱ ብርቅ አይደለም። በኩባም ሁዋን ፎርሜል እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው የዳንስ ኦርኬስትራ ሎስ ቫን ቫን፣ እሱ በ2014 ሲሞት በልጁ በሳሙኤል እጅ ቀጥሏል። በአገራችን የኦርኬስትራ ታሪክ ለዚህ የሚቀርበው የአርመኖቹ የናልባንዲያን ቤተሰብ ነው።

አጎትየው ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉትን የነሐስ ባንድ መሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው።

የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ፣ በኋላም የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ኦርኬስትራ አሠለጠኑ። የእሳቸው ሥራ ከአጎታቸው ይከብዳል ባይ ነኝ። ማሲንቆ የዘፋኙን ዜማ ተከትሎ ይሄዳል፤ ነርሲስ ግን አምስት ድምፅ ባለው ቅኝታችን ላይ መለከትና ሳክስፎን በየራሳቸው መንገድ እንዲሄዱ፣ ዜማውም መልኩን እንዳይለቅ ማድረግ ነበረባቸው። የማምቦ ምትም ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ1977 አረፉ።

ሕግ የተማርኩ በመሆኔ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሙዚቃ ቅንብር ጥበቃ ይሰጣል፤ የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲገለጽለት የመጠየቅ መብትም አለው። ራዲዮኖቻችን ግን የድምፃዊውን ስም ጠርተው ወደ ሚቀጥለው ዘፈን ይሻገራሉ፤ አቀናባሪው ማን እንደሆነ የሚነግረን የለም። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ የነርሲስን ሥራዎች ተጫውቶ ሲያሳትም አልበሙን «ናልባንዲያን ኢትዮጵያዊው» ብሎታል።