ትንሿ መኪናና የዓባይ ዳገት፤ የቤንዚን ቁጠባ ታሪክ በጎጃም መንገድ

የታሪክ ጽሑፍ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የነገሥታትና የጦርነት ነገር ነው። እኛ የታሪክ ክበብ ተማሪዎች ግን ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው አርእስት አንድ ሊትር ቤንዚን ነው። የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ይህን ስታዩ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ዓባይን መሻገር ግድ ለሆነበት ሰው፥ አንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎሜትር ያስኬዳል የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በርበሬውና በቆሎው ወደ ገበያ የሚወርደው፥ ሕመምተኛው ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት የሚወሰደው፥ ተማሪውም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው በነዳጅ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። ወደ ጎጃም ግን ለመኪና የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ጭነቱ ሁሉ ለብዙ ዓመታት በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ ቆየ። ኋላ የጣሊያን ወራሪ ለወታደሩና ለከባድ መኪናው ሲል ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፍ መንገድ አወጣ። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ የሸሸውም፥ ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው በከተማችን በኩል በሚያልፈው በዚሁ መስመር ነበር። በአንጻሩ ከሱዳን የተነሣው የንጉሠ ነገሥቱና የዊንጌት ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በብዙ ሺህ ግመሎች ሲሆን፥ ከእነዚያ ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። እንግዲህ ያን ጊዜ አንዱ ወገን ስለ ቤንዚን ሲጨነቅ ሌላው ስለ ግመል መኖ ይጨነቅ ነበር ማለት ነው። ጭንቀቱ ግን አንድ ነው፤ የሚጓዝ ነገር ሁሉ የሚበላው ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ትንንሾቹ መኪናዎች እንምጣ። ትንሽ መኪና የተፈጠረችው ለውበት ወይም ለጨዋታ ሳይሆን ከችግር የተነሣ ነው። በጣሊያን አገር የፊያት ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ዳንቴ ጃኮዛ በ1947 ዓ.ም. ፊያት 600ን ለዓለም አሳየ። የሞተሯ ይዘት 633 ሴንቲሜትር ኩብ፥ ጉልበቷም 22 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበር። ይህም ሆኖ አራት ሰው ትይዛለች፤ በሜዳ መንገድ ላይ ቀስ ብለው ከነዷት 100 ኪሎሜትር ለመሄድ 6 ሊትር ቤንዚን አትጨርስም። ከዚያም በ1949 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ በጦርነት ምክንያት ተዘጋ። ነዳጅ የጫኑ መርከቦች አፍሪካን ለመዞር ሲገደዱ በአውሮፓ ቤንዚን ጠፋ፤ በእንግሊዝ አገርም በራሽን ይታደል ጀመር። ይህ ችግር የእንግሊዝን ፋብሪካዎች ስለ ቁጠባ እንዲያስቡ አስገደዳቸው። አሌክ ኢሲጎኒስ የሠራት ሚኒ የምትባለው መኪና በነሐሴ 1951 ዓ.ም. የወጣችው ከዚህ ጭንቀት ነው።

በዚያው ሰሞን፥ በ1950 ዓ.ም.፥ ሌላ የምታስገርም መኪና ወጥታ ነበር። ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት ትባላለች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፥ ጣሪያዋ ከሸራ የሆነ፥ መብራቶቿ እንደ እንቁራሪት ዓይን ወደ ላይ የወጡ የስፖርት መኪና ናት። የስፖርት መኪና ሲባል ቤንዚን እንደ ውሃ የምትጠጣ ይመስለናል። እርሷ ግን በጊዜው አንድ የእንግሊዝ የመኪና ጋዜጣ ሲፈትናት በሰዓት 133 ኪሎሜትር ሮጣ፥ በ100 ኪሎሜትር የፈጀችው 6 ሊትር ተኩል ያህል ነበር። ምክንያቱን ስንመረምረው ምሥጢር የለበትም። ሞተሯ 948 ሴንቲሜትር ኩብ ሆኖ ኦስቲን ኤ 35 ከምትባል የቤተሰብ መኪና የተወሰደ ነው። ሰውነቷ ቀላል ነው፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ነፋስ አይገፋትም። ቁጠባ ያለው በሞተሩ ማነስ ብቻ ሳይሆን በክብደቱም ማነስ መሆኑን ከዚች መኪና መማር ይቻላል። ከተማሪ ወገን እንዲህ ያለችውን መኪና የማይመኝ የለም፤ ሆኖም በጎጃም ጭቃ ላይ በሁለት ሰው መቀመጫና በሸራ ጣሪያ ምን ይሠራል ብንል ሐቁ ነው።

ወደ እኛ አገር በብዛት የገቡት ሁለቱ ናቸው፤ አንደኛዋ ያችው ፊያት 600፥ በጣሊያንኛ ስሟ ሴይቼንቶ የተባለችው፥ ሁለተኛዋም የጀርመኗ ቮልስ ዋገን። ቮልስ ዋገን ሞተሯ 1192 ሴንቲሜትር ኩብ ስለነበረ ትንሽ ይበልጥ ትፈጃለች፤ ነገር ግን የምትቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውሃ ስላልሆነ ዳገት ላይ ውሃ ፈላ ብሎ የሚያስቆማት ነገር የለም። ሴይቼንቶ ግን በውሃ የምትቀዘቅዝ ናትና በረጅም ዳገት ላይ ሾፌሯን ታሳስባለች። ታንኳም 30 ሊትር አይሞላም። ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም ደግሞ 380 ኪሎሜትር ያህል ነው። በፋብሪካው ቁጥር ብቻ ብናሰላ አንድ ታንክ ሙሉ ቤንዚን ከአዲስ አበባ አንሥቶ እኛ ዘንድ ያደርሳል። ፋብሪካው ግን ዓባይን አላየም።

ይህን ነገር ከፊዚክስ መምህራችን ጋር ተቀምጠን አስልተነዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፥ ግማሹ ወደ ወንዙ የሚወርድ፥ ግማሹ የሚወጣ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን አፋፍ ያለው ከፍታ 1400 ሜትር ገደማ ነው። ሴይቼንቶ ሦስት ሰውና ጥቂት ዕቃ ጭና 800 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። 800 ኪሎ ይህን ያህል ሽቅብ ለማውጣት 11 ሚሊዮን ጁል ሥራ ይጠይቃል። በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለው ኀይል 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ነውና፥ በመጀመሪያ ሲታይ የሊትር ሲሶ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሞተር ከቤንዚኑ ኀይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ከአምስት እጅ አንዱን፥ ቢበዛ ከአራት እጅ አንዱን ነው። ቀሪው በጢስ ማውጫና በራዲያተር በኩል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ መኪናይቱ መንገዱን ለመሄድ ከሚያስፈልጋት በላይ፥ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ታቃጥላለች። ይህች ሊትር ተኩል በሜዳ ላይ 25 ኪሎሜትር ታስኬዳት ነበር። ቁጥሩ ሲወጣ እኛም ራሳችን ተገረምን፤ በ20 ኪሎሜትር ዳገት ላይ የመኪናይቱ ፍጆታ ከእጥፍ በላይ ይሆናልና።

በዚህ ላይ የአየሩ ነገር አለ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል፥ ቡሬም ከእርሷ ከፍ ብላ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ቤንዚንን ብቻ ሳይሆን አየርንም ይበላል። እንግዲህ የ22 ፈረስ ጉልበት የነበራት ሴይቼንቶ በእኛ አገር ከ18 ብዙም አትበልጥም። ካርቡራተሯ ለቱሪን ከተማ አየር ተለክቶ የተሠራ በመሆኑ፥ አየሩ ሲያንስ እርሱ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። የተረፈው ቤንዚን ሳይቃጠል ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፥ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ብልህ መካኒክ የካርቡራተሩን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠበበ ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ ጢሱም ይጠራል፥ ቤንዚኑም ይበረክታል። እውነቱን ለመናገር ስስ አየር ውለታም አለው፤ መኪና በፍጥነት ስትሮጥ የሚገፋት ነፋስ በደጋ ላይ ይቀንሳልና። ይህ ውለታ ግን ለፈጣኑ እንጂ በዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ለሚያዘግመው አይደርሰውም።

ዳገቱ የወሰደውን ቁልቁለቱ ይመልሳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይመልስም። ወደ ወንዙ ስትወርድ ያ ሁሉ ኀይል ፍሬኑን ከማጋል በቀር ሌላ ሥራ አይሠራም። ስለዚህም አንዳንድ ሾፌሮች ለመቆጠብ ብለው ማርሹን አውጥተው፥ የባሰበትም ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዱ እንደነበር እንሰማለን። በዚህ ዓይነት የሚተርፈው ቤንዚን ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም፤ የጋለ ፍሬን ግን መያዝ ያቆማል፥ ከታች ያለውም ገደል ነው። ዛሬ ባሉት መኪናዎችማ ይህ ልማድ በቁጠባም በኩል ስሕተት ሆኗል። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርን ከነዳጁ ላይ ማንሣት የነዳጁን መርጫ ፈጽሞ ሲዘጋው፥ ማርሽ ማውጣት ግን ሞተሩ ላለመጥፋት ነዳጅ እንዲወስድ ያደርገዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መኪና ነው። በ1966 ዓ.ም. ግን የትንሿ መኪና ቤንዚን የአገር ጉዳይ ሆነ። በጥቅምት ወር የዐረብ አገሮች ነዳጃቸውን ከለከሉ፤ ከሦስት ዶላር የማይበልጥ የነበረው አንድ በርሚል ድፍድፍ ዘይት በታኅሣሥ መጨረሻ 11 ዶላር ከ65 ሳንቲም ደረሰ። በየካቲት ወር መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በመቶ 50 ጨመረ። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው በታክሲነት የሚሠሩት በብዛት ሴይቼንቶዎች ነበሩ፤ የታክሲው ታሪፍ ግን እንዳለ ቀረ። ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ባለታክሲ በቀን የ10 ብር ቤንዚን ያቃጥል ነበር ብንል፥ አሁን 15 ብር ይሆንበታል። በአንድ ሰው አንድ ስሙኒ የሚቀበል ከሆነ ያችን 5 ብር ለማግኘት 20 ሰዎች ማመላለስ አለበት፤ እርሱም ለቤንዚኑ ብቻ እንጂ ለልጆቹ አይደለም። መኪናይቱ ትንሽ ናት፥ ቆጣቢም ናት፤ ከዚህ በላይ ትቆጥብ ዘንድ ግን ከየት ታምጣ?

የካቲት 11 ቀን ባለታክሲዎቹ ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ፥ ማለትም በትምህርት ሥርዓቱ ለውጥ እቅድ ምክንያት፥ ሥራ አቁመው ነበር። መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር፤ ዐሥር ቀን ሳይሞላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ መንግሥት ሥልጣኑን ለቀቀ። ቤንዚን ብቻውን ዘውድ አወረደ ለማለት አንደፍርም። የወሎ ረኀብ ነበር፤ የወታደሩ ዐመፅም ከጥር ወር አንሥቶ በነገሌ ተጀምሮ ነበር። ሆኖም የዚያን ዓመት ታሪክ ስናነብ ስለ ታክሲዎቹ በአንድ መስመር ታልፎ ሲሄድ ማየቱ ቅር ይለናል። ከዚያች መስመር በስተጀርባ ያለው ሒሳብ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያውቀው ሒሳብ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ይታደል ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ፥ ከእኛ ከዓባይ ማዶ ባለው በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመረተው ኢታኖል ከቤንዚን ጋር እንዲደባለቅ ተደረገ፤ የውጭ ምንዛሪ ያድናል፥ ነገር ግን ኢታኖል በሊትር ያለው ኀይል ከቤንዚን ያነሰ ስለሆነ አንድ ሊትር ድብልቅ ጥቂት ያነሰ ኪሎሜትር ይሄዳል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በአሮጌው አጠገብ ተመረቀ፤ ዳገቱ ግን ያው የቀድሞው ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጁን ድጎማ ቀስ በቀስ ማንሣት ሲጀምር፥ የባጃጅ ሾፌሮችም የ1966ቱን ዓይነት ሒሳብ መሥራት ጀመሩ።

በመጨረሻም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በምትካቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይገባሉ። እኛም ያንኑ የዓባይ ሒሳብ ለእነርሱ ደግመን ሠራነው። አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና 1500 ኪሎ ብትመዝን፥ ሴይቼንቶን እጥፍ ገደማ ትከብዳለች ማለት ነው። ደጀንን ለመውጣት ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ከባትሪዋ ትከፍላለች። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ስትወርድ ሞተሯ ተገልብጦ እንደ ዲናሞ ይሠራል፤ ሴይቼንቶና ቮልስ ዋገን በፍሬን ሙቀት ያባከኑትን ኀይል ከግማሽ በላዩን ወደ ባትሪው ይመልሳል። በእኛ ስሌት ይህ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ ሜዳ ቢሆን ኖሮ 20 ኪሎሜትር ያህል ያስኬዳት ነበር።