ለሞተር ጀልባ ሁለተኛ ባትሪ

በጣና ሐይቅ ለሽርሽር የወጣ ጀልባ ባትሪው ከወረደ እንደ መኪና ተገፍቶ አይነሳም። ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ መጨመሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ነጌቲቭን ከነጌቲቭ አያይዞ መተው መጠባበቂያ አይሆንም፤ ቮልቱ ያው 12 ሆኖ የሚይዙት ኃይል ቢደመርም፣ መብራትና ቴፕ ሲበሉት አብረው ያልቃሉ።

እንደ እኔ አንዱ ለሞተሪኖ ብቻ ይመደብ። ሌላው፣ ተደጋግሞ መውረድን የሚችለው ዓይነት፣ መብራቱንና ቴፑን ይሸከም፤ ከፖዘቲቩ አጠገብም ፊውዝ ይግባለት። በመካከላቸው መምረጫ ማብሪያ ይኑር፦ ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱም እንዲሞሉ ይገናኙ፣ ሲቆም ይለያዩ። ሞተሩ እየሠራ ማብሪያውን ጨርሶ ማጥፋት ግን ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል።

በሕግ አደራ ተቀባይ ሳይፈቀድለት በአደራው ዕቃ አይገለገልም። የሞተሪኖው ባትሪም የተሳፋሪዎች አደራ ነው።