ስልጠና «ይዋዛል» እንጂ «ጨዋታዊ» አይሆንም

«ስልጠናን ጨዋታዊ የማድረግ ስልት»። ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ የግዴታ ስልጠና ላይ ስክሪኑን የሞላው ርዕስ ይህ ነበር። ለሻይ ስንወጣ አንዱ ጓደኛዬ «መጫወቻ ሊያደርጉን ነው በሉኛ!» አለና አሳቀን። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች ወዲህ ስብሰባና ስልጠና የማያጣት ከተማ ናት፤ ቃሉ አዳራሹን ሁሉ ሳያዳርስ ብንነጋገርበት ይሻላል።

ነገሩ ጌሚፊኬሽን የሚባለው ነው፦ ነጥቡን፣ ደረጃውን፣ ሽልማቱን ከቪዲዮ ጌም ወስዶ ለትምህርትና ለሥራ ማዋል። በሞባይል ቋንቋ የተማረ ሰው ያውቀዋል። ያስቸገረው ስሙ ነው።

«ጨዋታዊነት» እንደ ዘመናዊነት የሁኔታ ስም ነው። እኛ የምንፈልገው ግን የድርጊት ስም ነው። «መጫወቻ ማድረግ» ድርጊት ነው፤ ትርጉሙን ግን ጓደኛዬ ነግሮናል። «ማጫወት» ከሁለቱም ይሻላል። ሆኖም «እስቲ አጫውተኝ» የሚል ሰው ወሬ ነው የሚጠብቀው፤ «ማጫወቻ»ንም ቴፑና ሲዲው ቀድመው ወስደውታል። አማርኛ ወጉንም ኳሱንም ጨዋታ ስለሚለው፣ ከዚህ ሥር የሚወጣ ቃል ወደ ወሬው ማዘንበሉ አይቀርም።

እኔ «ማዋዛት» እላለሁ። «ቁም ነገሩን በጨዋታ እያዋዛ አስተማረን» የምንለው ጌሚፊኬሽን የሚባል ነገር ሳንሰማ ነው። ቁም ነገሩ ቦታውን አይለቅም፣ ጨዋታው ይገባበታል። ለእርባታም አያስቸግርም፦ አዋዛ፣ ተዋዛ፣ የተዋዛ ስልጠና። ነጥቡና ባጁ ደግሞ ማዋዣ ይባላሉ።

ማዋዛት ምን እንደሚመስል ለማየት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተባለው ቪዲዮ ጌም ይበቃል። ማሪዮ ከስክሪኑ በስተግራ ቆሟል፣ ፊት ለፊቱ ባዶ ነው። «ወደ ቀኝ ሂድ» የሚል ጽሑፍ የለም፤ ሌላ መሄጃም የለም። ጥቂት እንደተራመደ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ብልጭ ድርግም ይልበታል፣ ከወዲያ ደግሞ እንጉዳይ መሳይ ጠላት እየተንቀረፈፈ ይመጣል። ያልዘለለ ይሞታል፤ ቢሞትም የሚከስረው ጥቂት ሰከንድ ነው። የጌሙ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ መመሪያውን ከሜዳው ጋር አዋዝተውታል። የኛ አሰልጣኝ ግን ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ካነበበልን በኋላ «ለመለሰ አስር ነጥብ» አለ፤ ወጡ ከወጣ በኋላ ጨው መነስነስ።

«ቃል ነው፣ ምን አለበት?» የሚል ሰው ሶዶን ይጠይቅ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስሙ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ ቋንቋ በመጽሐፍ ታትሞ ሲመጣ ከተማዋ ለተቃውሞ ወጣች፣ የሰው ሕይወት አለፈ፣ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። የስላይድ ርዕስ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ በጠረጴዛ ዙሪያ የተሰፋ ቃል ጆሮ ላይ የሚከብደው ግን እዚህ ከተማ ውስጥ በተለይ ነው።

«ዋዛ ቀልድ አይደለም እንዴ? መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዴት ይሆናል?» ያሉኝ አሉ። የዋዛ ሌላ፣ የተዋዛ ሌላ። ከጌም የመጣውን ቃል ሁሉ ግን ልለውጥ አልልም፤ «ሌቭል»ን አልነካም። ጌም ቤት የሚውሉት ልጆች «ሌቭል አለፍኩ» ይላሉ፤ «ደረጃ ተሻገርኩ በሉ» ብንላቸው ጆይስቲካቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ይስቁብናል።