ከደበሎ እስከ ሌዘር ጃኬት

ከመካከላችን አንዱ (ስሙን እንተወው፣ ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቀዋል) ከሦስት ዓመት በፊት በመጀመሪያ ደመወዙ ሌዘር ጃኬት ገዛ። ሻጩ ላይተር አውጥቶ እጅጌው ላይ ለኮሰ። አልነደደም። «ወንድሜ፣ ይኼ ኦሪጅናል ነው፤ ልጅህ ይለብሰዋል!» አለው። ጓደኛችን ያኔ ልጅ ቀርቶ ሚስትም አልነበረችውም፤ ቢሆንም ደስ ብሎት ከፈለ። በሁለተኛው ክረምት ጃኬቱ ከአንገትጌው ጀምሮ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጥ ጀመር። ታክሲ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ሲወርድ ትከሻው ላይ ጥቁር ጥቁር ቅርፊት ይዞ ይወርዳል።

ይኸው ልጅ ለበዓል ጎጃም፣ አያቱ ዘንድ ሲሄድ የሚተኛው ጀንዲ ላይ ነው። ጀንዲው ከአባቱ ይበልጣል። ስንት ሰው ተኝቶበታል፣ ስንት ጊዜ ታጥፎ ተዘርግቷል፣ ስንት ጠላ ፈስሶበታል፤ አንድም ቦታ አልተላጠም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ነው። ያለ ፋብሪካ የተሠራው ቆዳ ሦስት ትውልድ ሲያገለግል የእኛ ሌዘር ሁለት ክረምት ያልዘለቀው ለምንድን ነው? ነገሩን ስናጠያይቅ ጃኬት ፍለጋ ወጥተን ታሪክ ውስጥ ገባን።

ከቆዳው እንጀምር። በግ ወይም በሬ ሲታረድ የሚገፈፈው ቆዳ ዝም ካሉት ይበሰብሳል። አባቶቻችን ይህን መበስበስ የሚያስቀሩባቸው ቢያንስ ሦስት መንገዶች ነበሯቸው፤ ሦስቱንም ዛሬ «ቆዳ» ብለን በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። የመጀመሪያው ማድረቅ ብቻ ነው። ቁርበትና ጠፍር እንዲህ ናቸው። ጠፍር እርጥብ እያለ አልጋው ላይ ይጠለፋል፤ ሲደርቅ ይጨማደድና ራሱን ራሱ ይወጥራል። ሁለተኛው ብራና ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ስጋው ተፍቆ እንደተወጠረ ይደርቃል። አልለፋም፣ ግን ይጻፍበታል። የብራና መጻሕፍት ዝናብ ካልነካቸው ስንት መቶ ዓመት እንደሚቆዩ የገዳማቱ ዕቃ ቤቶች ይመሰክራሉ። ሦስተኛው ማልፋት ነው፤ ጀንዲውም፣ ስልቻውም፣ አቅማዳውም፣ የመጽሐፉ ማኅደርም የዚህ ውጤቶች ናቸው።

ማልፋት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ቆዳው ይነከራል፣ ጠጉሩ ይነሳል፣ ስጋው ይፋቃል፤ እንደየአገሩ የቁልቋል ደም ወይም የእምቧይ ፍሬ፣ የግራር ቅርፊትም ይገባበታል። ከዚያ ተልባ ወይም ኑግ ተቀብቶ በእግር ይረገጣል፣ በእጅ ይታሻል፣ እንደገና ይረገጣል። የቅርፊቱ ጭማቂ ገብቶ የቆዳውን ጥቃቅን ክሮች ይይዛቸዋል፣ እንዳይበሰብሱም ያደርጋቸዋል፤ ቅባቱ ደግሞ ክሮቹ ሲደርቁ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይገትሩ በመካከላቸው ይገባል። የጀንዲው ምሥጢር ይኸው ነው። ከላይ የተቀባ ነገር የለውም፤ ስለዚህ የሚላጥ ነገርም የለውም። ያለው ሁሉ ውስጡ ነው።

ለነገሩ «የቆዳ ጃኬት» የምንለውም ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ምን ነበር? ከነጠጉሩ የለፋ የበግ ቆዳ ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎ፣ ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ውሻ ሲመጣ ደግሞ ጋሻ። ሞተር ሳይክል አልነበረውም እንጂ ደበሎ ለባሹ ከአገር አገር ሲዞር ከማንም ሞተረኛ አያንስም ነበር።

ሞተረኛ ካልን አይቀር፣ ዛሬ የምናውቀው ባለ ዚፕ ጥቁር ጃኬት የተወለደው ኒውዮርክ ነው። ኧርቪንግ ሾት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1928 ለሞተር ነጂዎች ሠራውና በሚወደው ሲጋር ስም «ፐርፌክቶ» አለው። ዋጋው 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ማርሎን ብራንዶ ፊልም ላይ ሲለብሰው የዓለም ወጣት ሁሉ ተከተለው። ከዚያ በፊት የሩሲያ ቦልሼቪኮችም በጥቁር ሌዘር ይታወቁ ነበር። አመጸኛውም፣ አሳሪውም አንድ ልብስ መምረጣቸው ይገርማል። ይህን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ አገራችን እንመለስ፤ የእኛው ታሪክ ይበልጥ ያማልና።

ይህን ሁሉ ጀንዲ፣ ስልቻ፣ የከበሮ ቆዳና ኮርቻ የሚሠራው ሰው ማን ነበር? «ፋቂ» ነበር። ቃሉ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ፋቀ ከሚለው የመጣ የሥራ ስም ነው። እኛ ግን ስድብ አደረግነው። ከፋቂ ጋር ማዕድ አይቆረስም፣ ከፋቂ ቤት አይጋባም፣ ቡዳ ነው ይባላል። በደቡብም እንደዚሁ በጋሞና በሌሎች አካባቢዎች ቆዳ የሚያለፋው ወገን መሬት አጥቶ፣ ከሌላው ተለይቶ ይኖር ነበር። የሚገርመው የኮንሶ ሴቶች ቆዳ የሚፍቁበትን የድንጋይ መፋቂያ ለማጥናት የውጭ አገር የአርኪዮሎጂ ምሁራን ባሕር ተሻግረው መምጣታቸው ነው። የጥንት ሰው ድንጋይ እንዴት ይጠቀም እንደነበር ከእነዚህ ሴቶች እጅ ለመማር! እኛ ጎረቤታቸው ሆነን ውኃ በአንድ ጣሳ አንጠጣም ነበር።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ብራናውንም የሚያዘጋጀው ሰው የሚሠራው መፋቅ ነው። አንዱ የፋቀው ላይ ዳዊት ይጻፍበታል፣ ሌላው የፋቀው ላይ ይተኛበታል፤ ቆዳው አንድ፣ ቢላውም አንድ። እርግጥ ነው ጸሐፊውም ቢሆን «ጠንቋይ» ከመባል አልዳነም። ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን በሙያው መስደብ ከለከሉ፤ ሠራተኛን የሚሰድብ እኔን እንደሰደበ ነው አሉ፤ ደግሞ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እስቲ ዛሬ ሠፈራችሁ ውስጥ ተጣልተው የሚሰዳደቡ ሰዎችን አዳምጡ።

እንግዲህ ሙያተኛው እንዲህ ሲናቅ ቆዳው ግን ይከበር ነበር፤ ያውም በባዕድ አገር። ቆዳና ሌጦ ባለፈው ምዕተ ዓመት ለረጅም ጊዜ ከቡና ቀጥሎ የአገሪቱ ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ ነበር። በዓለም የቆዳ ገበያ «ባቲ» ማለት የወሎዋ ባቲ ስም የሚጠራበት የፍየል ሌጦ ነው፤ «ሰላሌ» ማለት የደጋ በግ ሌጦ ነው። የእኛ የደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። ሱፍ በብዛት የሚያበቅለው የፈረንጅ በግ ቆዳው ውስጥ ስቡና የሱፉ ሥር ቦታ ስለሚይዝ ክሩ የላላ ነው፤ የእኛው ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለዚህ ነው ለጓንት፣ በተለይም ለጎልፍ ጓንት የሚፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1826 የተመሠረተው የእንግሊዙ ፒታርድስ ለረጅም ዘመን የእኛን ሌጦ ሲገዛ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሞጆ አቅራቢያ እጀርሳ ያለውን ፋብሪካ እስከመግዛት ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን እንግሊዝ ያለው ኩባንያ ከሰረ።

የቆዳ ፋብሪካዎቻችን በንጉሡ ዘመን ተስፋፉ፣ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሳቸው፣ በኋላ እንደገና ወደ ግል ዞሩ። በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ «ክረስት» ለሚባለው፣ ለፍቶ ማጠናቀቂያው ብቻ ለቀረው ቆዳ አስከተለ። ሐሳቡ ጫማውንና ጃኬቱን እዚሁ እንሥራ የሚል ነበር። ሐሳቡን አንጠላውም። ግን ጃኬት የሚሰፋ እጅ በቀረጥ አይሠራም። በጎቹ ላይ የሚወጣው በሽታም በቀረጥ አይድንም። ቅማልና ሌሎች ጥገኛ ነፍሳት የሚያመጡት «እከክ» የቆዳውን ፊት ስለሚያበላሽ፣ ቃሉ ከነአማርኛው በቆዳ ሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ገብቷል። (ለዓለም ካበረከትናቸው ቃላት አንዱ እከክ መሆኑን እዚህ ላይ በትሕትና እንመዘግባለን።) በአራጁ ቢላ የሚበሳውም ቀላል አይደለም። በቅርብ ዓመታት የሌጦ ዋጋ ወርዶ በበዓል ማግስት ቆዳው ሜዳ ላይ ተጥሎ ማየት ተለመደ። «ሌጦ! ቆዳ!» እያለ በየበሩ የሚዞረው ሰው ድምፅ በልጅነታችን የፋሲካ ማግስት ደወል ነበር፤ አሁን እየጠፋ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጃኬት።

አንድ ቀን ጃኬቱን ይዘን መርካቶ፣ ሸራ ተራ አካባቢ ጫማ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጋሼ ዘንድ ሄድን። ጋሼ ጃኬቱን አላዩትም። ገለበጡና ውስጡን፣ የኪሱን ስፌት ከፈት አድርገው የቆዳውን ጀርባ አዩ። ጀርባው የተሸመነ ጨርቅ ነበር። «ይኼ ጨርቅ ነው ልጄ፣ ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ» አሉት። የላይተሩስ? «እሳት ለአንድ ሰኮንድ ምን ያደርጋል? አንተንም ቢነካህ አትነድም!»

ከእሳቸው የተማርነውን እንንገራችሁ። ጃኬት ስትገዙ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን እዩ፤ ኪስ ውስጥ ወይም የገበሩ ጫፍ ሥር። እውነተኛ ቆዳ ጀርባው እንደ ደቃቅ ጸጉር ጨርቅ ይመስላል። ፊቱን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ቆዳ ከሆነ ከጣታችሁ ዙሪያ ጥቃቅን ሽብሽቦች ይሠራል፣ ስትለቁት ይመለሳል፤ ፕላስቲክ ግን ጎድጎድ ብሎ ዝም ይላል። ጭራሽ እንከን የሌለው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ቆዳ አትመኑ፤ በጉ ሲኖር እሾህ ሳይቧጥጠው አልኖረም። «ጄኒዩን ሌዘር» የሚለው ጽሑፍም ብዙ አያጽናናችሁ፤ ቆዳው ሲሰነጠቅ ከሥር የሚገኘው ደካማው ንጣፍ ቀለምና ፕላስቲክ ተቀብቶ በዚሁ ስም ይሸጣል። የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተጋግሮም ይሸጣል፤ እሱ ነው እንደ ድንች የሚላጠው ሁለተኛው ዓይነት።

ደግሞ ስንት ቁራጭ እንደተገጣጠመ ቁጠሩ። ጀርባው በአንድ ሰፊ ቆዳ የተሠራ ጃኬት ሰፊው ጥሩ ቆዳ እንደመረጠ ይነግራችኋል። በትናንሽ ቁራጭ የተጣጣፈ ከሆነ ግን ወይ ፋሽን ነው፣ ወይ እከኩ ተቆርጦ ወጥቷል። የበግ ቆዳ ለስላሳና ቀላል ነው፣ ጥፍርና ሚስማር ግን ይፈራል። ፍየል ጠጠር ያለ ፊት አለው፣ መፋተግ ይችላል። ለእኛ ለታክሲ ተጋፊዎች የሚሻለው እሱ ይመስለናል። የበሬው ከባድ ነው፣ ሰውነት እስኪለምደው ይገትራል፣ ከለመደ በኋላ ግን አትለያዩም።

አያያዙስ? የጀንዲውን ምሥጢር አስታውሱ፤ ቆዳን የሚያኖረው ውስጡ ያለው ቅባት ነው። ስለዚህ ዝናብ ከመታው ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታድርቁት፤ ቅባቱ ወጥቶ ቆዳው ይሰነጠቃል። በደረቅ ጨርቅ አብሳችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት፣ ሰፋ ባለ መስቀያ፣ በምስማር አይደለም። በዓመት አንድ ሁለቴ የቆዳ ቅባት በስሱ ቀቡት፤ መጀመሪያ ማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። የጫማ ቀለም ለጫማ ነው፤ የጓደኛችን ነጭ ሸሚዝ ያን ትምህርት ከፍሎበታል። ቅቤና የምግብ ዘይትም ይቅርባችሁ፤ ሻግቶ ይሸታል፣ አይጥም ይወደዋል። ክረምት ላይ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት፤ አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሻጋታ ፈልጎ የሚያገኘው መጀመሪያ እሱን ነው። ከሻገተ ጥላ ላይ አናፍሱት፣ እርጥበት ባለው ጨርቅ ጥረጉት፣ ካደረቃችሁት በኋላ ቅባቱን መልሱለት።

ጓደኛችን ሁለተኛውን ጃኬት የገዛው ከመደብር አይደለም። ጋሼ አንድ የሚያውቁት ልጅ ጋ ልከውት በልኩ አሰፋ፤ የፍየል ነው፣ ቡናማ፣ ግራ ትከሻው ላይ የእሾህ ጭረት አለበት። ልጁ ጭረቱ የሌለበትን ቁራጭ ሊያስገባለት ፈልጎ ነበር፣ እሱ ግን ተወው አለው። ሲከፍል ለወግ ያህል «አባትህም ይህን ሥራ ይሠሩ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ትንሽ ዝም አለ። «አዎ፤ ግን ሠፈር ውስጥ ሾፌር ናቸው ነበር የምንለው» አለው።