ፒክአፕና ከባድ ተሳቢ በጅቡቲ ከተማ

በጅቡቲ ከተማ ተሳቢ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ከወደብ ጭኖ በፒኬ 12 በኩል ወደ ጋላፊ የሚያቀናው የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ነው። ደብል ጋቢና ፒክአፕ ጀልባ ወይም የውኃ ታንከር አስከትሎ ሲሄድ ነገሩ ይለያል። አምራቹ ከወሰነው ክብደት ካላለፈና ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው በደህና ይጎትታል፤ አለዚያ አይጎትትም። አብዛኛው ፒክአፕ ከአቅሙ በላይ የሆነውንም ከቆመበት ያንቀሳቅሰዋል፤ ሹፌርን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ችግሩ ማቆሙ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስምንተኛው ትውልድ ቶዮታ ሃይሉክስ በናፍጣ ሞተር በበርካታ አገሮች እስከ 3,500 ኪሎ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ይህ ግን ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው፤ ፍሬን ለሌለው 750 ኪሎ ብቻ ነው። ቁጥሩ ተሳቢውንም ጭነቱንም ያጠቃልላል። ባዶ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ብቻውን 2,200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የሚሸከመው ተሳቢ ሲደመርበት ለዕቃ የሚተርፍ ብዙ ቦታ የለም። መኪናውና ተሳቢው በአንድነት የማያልፉት ጣሪያም አለ። ስለዚህ ከኋላ ሲሚንቶ የጫነ ፒክአፕ 3,500 ኪሎውን ሙሉ ልጎትት ቢል ብዙውን ጊዜ ከጣሪያው ያልፋል።

የጭነቱ አቀማመጥም ወሳኝ ነው። ከተሳቢው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ መሪ መጠምዘዝ ያባብሰዋል፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጅ መልቀቅ ይሻላል።

የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የመጎተት መለኪያ መኪናው በአሪዞና ዴቪስ ዳም አቀበት፣ በ38 ዲግሪ ሙቀት፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ተከፍቶ ይፈተናል። ጅቡቲ ከተማ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እርጥበቱ ደግሞ የፍሬን ዘይትን ይጎዳል፤ ዘይቱ ከአየር ውኃ ይስባልና። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ወዳለው አሳል ሐይቅ የሚወስደውን ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እግሩ ሥር ሰጥሞ ይቀርበታል። መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ማስገባት ነው።

የጋላፊው ከባድ መኪና በአየር ፍሬን ይሠራል፤ ተሳቢው ቢበጠስና የአየር ቱቦው ቢቆረጥ የተሳቢው ፍሬን ራሱ ይይዛል። በፒክአፕ ተሳቢ ላይ ይህን የሚሠራው የእጅ ፍሬኑን የሚስብ ቀጭን ገመድ ነው፤ እሱም ከመኪናው ጋር ካልታሰረ ተሳቢውን የሚያቆመው የለም።