ከካዝናው የወጣው ወረቀት

ዛሬ ስለ አንድ የተሰረቀ ሰነድ ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወልወል ግጭት ከተነሳ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1935፣ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱን አንድ ነገር ጠየቀ፤ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ብትይዝ እኛ ምን ይጎድልብናል? መልሱን እንዲያጠና በሰር ጆን ማፌይ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የጣናንና የዓባይን ውኃ አሰበ፣ ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ እየተሻገሩ ከብት የሚያግጡትን ጎሳዎች አሰበ። በጁን ባቀረበው ሪፖርትም፣ ኢጣሊያን በኃይል እንድንገታ የሚያስገድድ ወሳኝ ጥቅም የለንም ብሎ ደመደመ።

ሰነዱ ምስጢር ነበር። ግን በሮም የእንግሊዝ ኤምባሲ ውስጥ ፍራንቼስኮ ኮንስታንቲኒ የሚባል ኢጣሊያዊ ሠራተኛ ነበር። የኤምባሲውን ወረቀት ለኢጣሊያ ወታደራዊ ስለላ ያቀብላል፤ ለሶቪየቶችም ይሸጣል። የሚገርመው፣ አምባሳደሩ ሰር ኤሪክ ድራሞንድ የመንግሥታቱ ማኅበር የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው! የማፌይ ሪፖርትም በዚሁ መንገድ ሙሶሊኒ እጅ ገባ።

በሴፕቴምበር እንግሊዝ የጦር መርከቦቿን ወደ ሜዲትራኒያን ስትልክ፣ በጄኔቫም ስለ ማኅበሩ ሕግ ስትናገር፣ ሙሶሊኒ የሆዷን አንብቦ ጨርሷል። ኦክቶበር 3 ጦሩ መረብን ተሻገረ።

ሌባው ጦርነቱን አመጣ ማለቴ አይደለም። ሙሶሊኒ የወረራውን ውሳኔ በ1934 መጨረሻ ጽፎ አስቀምጧል። ወረቀቱ የጨመረለት ድፍረት ነው።

እንደ ጋዜጠኛ የሚከነክነኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በፌብሩዋሪ 1936፣ አምባ አራዶም ላይ ወገን እያለቀ ሳለ፣ «ጆርናሌ ዲ ኢታሊያ» ሰነዱን በይፋ አወጣው። ለጋዜጣ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ነገር ግን ለሕዝብ እውነት ለመንገር አልወጣም፤ እንግሊዝን ለማሳፈር ወጣ። ምስጢሩ ሲጠቅም ተደበቀ፣ ሲታተም የሚጠቅምበት ቀን ሲመጣ ታተመ።

ስለ ሰላዩ ብዙ ተጽፏል። እኔን ግን ከሰራቂው ይልቅ የተሰረቀው ነገር ያሳዝነኛል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉ የለ? ጸሐፊዎቹ ጽፈውታል፣ ሌባው ሸጦታል፣ ወራሪው አንብቦታል። ዕጣዋ የተጻፈባት አገር ግን ከአንዱም ጠረጴዛ አልቀረበችም። ታዲያ ከዳተኛው የትኛው ነው፤ ወረቀቱን ያወጣው ወይስ የጻፈው?