«ዲዘርት» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ታሪክና ለትምህርት ሥራ ያለው ጠቀሜታ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ መተውን የሚገልጹ ግሦች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም መካከል «ዲዘርት» የተባለው፣ አንድ ሰው ሊጠብቀው ወይም ሊያገለግለው የሚገባውን ጥሎ መሄዱን ስለሚያመለክት፣ በአብዛኛው ወቀሳን ያዘለ ነው። ዕቅዱን የተወ ሰው በ«አባንደን» ይገለጻል እንጂ በዚህ ግሥ አይገለጽም፤ ጦሩን የከዳ ወታደር ግን ይገለጽበታል።

ግሡ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን ምንጩ ላቲን ነው። «ሴሬሬ» ማያያዝ ማለት ሲሆን፣ «ዴ» የሚለው ባዕድ መነሻ ሲጨመርበት ማሰሪያን መፍታት፣ መለየት፣ መተው የሚል ፍች ያገኛል። ከዚሁ የወጣው «ዴሴርቱም» የተተወ ሥፍራ ማለት ነበር። በረሃ በእንግሊዝኛ «ዴዘርት» መባሉም ከዚህ የመጣ ነው። በመሆኑም እንግሊዞች ሰው የማይኖርባትን ደሴት፣ ዛፍና ውሃ ቢሞላትም እንኳ፣ በዚሁ ስም ይጠሯታል፤ «የበረሃ ደሴት» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ ይሳሳታል። ስሙና ግሡ አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ ሲነበቡ ግን ድምፁ በስሙ የመጀመሪያ ቀለም፣ በግሡ ደግሞ ሁለተኛ ቀለም ላይ ይጠነክራል።

በእንግሊዝ አገር ቃሉ ከጦር ሠፈር አልፎ ለሕፃናትም ተነግሯል። ቶማስ ኮራም የተባለው የመርከብ አዛዥ እ.ኤ.አ. በ1739 ከንጉሥ ጆርጅ 2ኛ ባገኘው የፈቃድ ሰነድ በለንደን ያቋቋመው የሕፃናት ማሳደጊያ፣ የሚቀበላቸውን ልጆች በዚህ ግሥ «የተጣሉ» ሲል ሰየማቸው። ማሳደጊያው በ1741 ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ብዙ እናቶች ልጃቸውን ሲያስረክቡ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ሌላ ትንሽ ምልክት ይተዉ ነበር፤ ይህም ኑሮ ሲሻሻል ልጁን ለይተው መልሰው ለመውሰድ እንዲችሉ ነው። ሰነዱ ማሰሪያው ተፈቷል ሲል፣ እናቲቱ ግን አልፈታችውም።

ይኸው ጉዳይ የትምህርትን ሥራ በቀጥታ ይነካል። ከዚሁ የላቲን ሥር የመጣው «ዴሴርሲዮን» የተባለው የስፓኝ ቃል፣ በላቲን አሜሪካ አገሮች ከትምህርት ገበታ የሚለዩ ተማሪዎችን ሁኔታ ለመግለጽ ያገለግላል። ጦሩን ጥሎ ስለሚኮበልል ወታደርም የሚነገረው ይኸው ቃል ነው። እንዲህ ያለው ስያሜ ጥፋቱን በልጁ ላይ ስለሚጥል፣ የትምህርት ቤቱ መራቅ ወይም የቤተሰቡ ችግር በቀላሉ ይዘነጋል። በእኛ ቋንቋ የሚሠራበት «ትምህርት አቋረጠ» የሚለው አነጋገር የሚሻለው፣ ክህደትን ስለማያነሣና የተቋረጠ ነገር ሊቀጠል እንደሚችል ስለሚጠቁም ነው።

ስለዚህ መምህራን ግሡን በአንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ከመፍታት ይልቅ፣ ማን ምንን እንደተወና ምን ግዴታ እንደነበረበት ተማሪዎቻቸው እንዲጠይቁ ቢያደርጉ ይጠቅማል። የዕቅድ ባለሙያዎችም ያቋረጡትን ተማሪዎች ቁጥር በሰንጠረዥ ሲያሰፍሩ ምክንያቱን ከጎኑ ማስፈር ይገባቸዋል፤ ልጁ ትምህርት ቤቱን ተወው ወይስ ትምህርት ቤቱ ልጁን የሚለውን ጥያቄ ቁጥር ብቻውን አይመልስምና።